ሻጩ የማይነግርዎት

ጠጋ ይበሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አልናገረውም። ለዓይነ ስውራን የሚሸጡ ተናጋሪ መነጽሮች በሰርቶ ማሳያ ጠረጴዛ ላይ ተሳስተው አያውቁም። እንዴትስ ይሳሳቱ? መብራቱ ደማቅ፣ ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ወረቀቱ አልተጨማደደም፤ ኢንተርኔቱም አይቆራረጥም።

እኛ ሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ለራሳችን ዘመድ ስንመርጥ ከካሜራው ጥራት በፊት የምንጠይቀው ሥራው የት እንደሚሠራ ነው፦ በመሣሪያው ውስጥ ወይስ በኩባንያው ሰርቨር ላይ? ኦርካም ማይአይን ይውሰዱ፦ በመነጽር ጎን በማግኔት የሚለጠፍ፣ ክብደቱ 23 ግራም የማይሞላ ካሜራ ነው። ጽሑፍ የሚያነበው ያለ ኢንተርኔት፣ እዚያው በራሱ ነው፤ ዋጋው ግን በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። የሜታ ሬይባን መነጽር በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል፤ ከፊትዎ ያለውን የሚተርክልዎት ግን በስልክዎ በኩል ከኩባንያው ሰርቨር መልስ ሲመጣለት ነው። ኔትወርክ ጠፋ ማለት ትረካውም አበቃ ማለት ነው።

ሻጮች የሚሸሹት ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ ኩባንያው ቢዳከምስ? አርገስ 2 የተባለው መሣሪያ ተናጋሪ መነጽር ባይሆንም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ዋጋው 150,000 ዶላር ገደማ ነበር። መነጽሩ ላይ ያለው ካሜራ ያነሳው ምስል በተጠቃሚው ወገብ ላይ በሚታሰር አነስተኛ ኮምፒውተር አልፎ፣ በቀዶ ሕክምና ሬቲና ላይ ወደተተከሉ 60 ኤሌክትሮዶች ይላካል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 እ.ኤ.አ. ፈቀደው፤ በዓለም ዙሪያ ከ350 ለሚበልጡ ሰዎች ተተከለ። አምራቹ ሴኮንድ ሳይት በ2019 ማምረት አቆመ፤ በ2020 አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። መለዋወጫ የሚሰጥ፣ ሶፍትዌር የሚያድስ ጠፋ። መሣሪያው ግን እስከ ዛሬ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ ሰዎች አሉ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለእናቱ ገዝቶ ሊልክ ያሰበ ሰው ደግሞ ሳጥኑ ላይ የታተመውን የቋንቋ ዝርዝር ብቻ አይመን። የአማርኛ ጋዜጣ ወይም ደብዳቤ ይዞ ይሂድና እዚያው ያስነብበው። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ በደብዛዛ ብርሃን በቀላሉ ትሳታለች። ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫም አይግዛ፤ ዓይነ ስውር መንገድ የሚያቋርጠው በጆሮው ነው። ነጭ በትሩም ምንም ዓይነት መነጽር ቢገዛ ከእጁ አይለይም።

እንግዲህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ሻጩ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስጥዎት፦ ያለ ኢንተርኔት ምን ምን ይሠራል? ሶፍትዌሩ እስከ መቼ ይታደሳል? ሲበላሽ የት ይጠገናል? ከፈረመ ይግዙ፤ ካንገራገረ ይተውት።