ወለምታና የሚቀባ መድኃኒት

በሐርጌሳ ከተማ ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ሁሉ አስፋልት አይደለም፤ ድንጋዩን አሸዋ ሸፍኖት ይገኛል። አንድ ምሽት ከሱቅ ስንመለስ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ረግጠን ቀኝ እግራችን ወደ ውስጥ ታጠፈ። እያነከስን ቤት ስንደርስ ቁርጭምጭሚታችን በውጭ በኩል እንደ እንቁላል አብጦ ነበር።

ይህን ጉዳት አማርኛ ወለምታ ይለዋል። ሐሳቡ አልጸና ያለውንም ሰው «ወለም ዘለም ይላል» እንለዋለን።

አከራያችን የሆኑት አሮጊት ወዲያው ከርቤ በውሃ በጥብጠው አመጡልን። ከርቤ፣ ሶማሌዎች «መልመል» የሚሉት፣ በዚያው አገር የሚበቅል ዛፍ ሙጫ ነው። በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ሕመም የሚያስታግሥ ነገር እንዳለበት ጽፈዋል፤ ምርመራቸው ግን በአይጦች ላይ እንጂ በሰው እግር ላይ አልነበረም። እኛም አመስግነን ወደ መድኃኒት ቤት ላክን፤ ዲክሎፌናክ የሚባል ቅባት መጣልን።

የቅባቱ ጥቅም ሐሰት አይደለም። በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበራት ለወለምታና ይህን ለመሰለ ጉዳት ከሚዋጠው ኪኒን አስቀድሞ ይኸው ዓይነት የሚቀባ መድኃኒት እንዲታዘዝ መክረዋል። ቅባቱ በቆዳ ሰርጎ ሕመሙ ባለበት ሥፍራ ይሠራል፤ ወደ ደም የሚገባው ግን ኪኒን ሲዋጥ ከሚገባው 6 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ለጨጓራ የሚያሰጋው ያነሰ ነው። በቀን እስከ 4 ጊዜ በቀስታ ይቀባል እንጂ እንደ ወጌሻ አይታሽም። የተላጠ ቆዳ ወይም ቁስል ላይ አይደረግም። ነፍሰ ጡርና ኩላሊቱ የታመመ ሰው አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

ታዲያ በማግሥቱ ሕመሙ ቢለዝብልን ጫማችንን አጥልቀን ወደ ሥራ ሄድን። ስሕተታችን ይህ ነበር። በ3ኛው ቀን እግሩ ጠቁሮ ራጅ ሲነሣ የአጥንቱ ጫፍ ተሰንጥቆ ተገኘ። በካናዳ፣ በኦታዋ ከተማ፣ ሐኪሞች በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ደንብ አለ፤ ይኸውም የተጎዳው ሰው 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ጉብ ያለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ከበስተኋላው ወይም ከጫፉ ሲጫኑት ካመመው፣ ራጅ ይነሣ የሚል ነው። እኛ መራመዱን ችለን ነበር፤ አጥንቱን ግን ሲነኩት ያመን እንደ ነበር እያወቅን ዝም ብለን ቀባንበት።

6 ሳምንት በምርኩዝ ሄድን። አከራያችን ግን ነገሩ ሁሉ የመጣው ከርቤያቸውን ስለ ናቅን ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይወቅሱናል።