ወርቁን ያስቀረው ግድግዳ

ወርቅና መዳብ ፈላጊ ዓይኑን የሚጥለው ጅማቱ ላይ ነው፤ አለቱን ሰንጥቆ በሚያልፈው የኳርትዝ መስመር ላይ። ግራና ቀኙን የከበበው ድንጋይ «ባዶ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ለእኔ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጅማቱ እንዴት እንደተፈጠረና ቀጣዩ የት እንደተደበቀ የሚናገረው ይኸው ባዶ የተባለው ድንጋይ ነውና።

ጅማት ብዙውን ጊዜ ያዘነበለ ነው። በውስጡ የሚቆፍር ሰው አንዱን ግድግዳ ይረግጣል፣ ሌላው ከራሱ በላይ ያንዣብባል። የሚያስፈራው የላይኛው ነው፤ ማዕድኑ ሲወጣለት ድጋፍ ያጣና ይናዳል። ለዓመታት የሚያገለግሉ መተላለፊያዎች በአብዛኛው በታችኛው ግድግዳ ውስጥ የሚቆፈሩት ለዚህ ነው።

ኬሚስትሪው ደግሞ ከዚህም ይልቃል። ከምድር ጥልቀት በስንጥቆች የሚወጣ ሙቅ ውሃ ብዙ ጊዜ ወርቅን የሚያጓጉዘው ከድኝ ጋር አጣምሮ፣ አሟሙቶ ነው። ውሃው ብረት የበዛበት አለት ሲያገኝ የአለቱ ብረት ድኙን ይወስድና ፓይራይት ይሆናል። ተሸካሚውን ያጣ ወርቅም እዚያው ይቀራል። ወርቁን ከውሃው የነጠቀው እንግዲህ ግድግዳው ነው።

ውሃውም ግድግዳውን እንደነበረ አይተወውም። በአሜሪካ ሞንታና፣ በቢዩት የመዳብ ማዕድን ይሠሩ የነበሩት ጂኦሎጂስቶች ሬኖ ሴልስና ቻርልስ ሜየር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ጥናት ይህን አሳይተዋል። ከጅማቱ አጠገብ የግራናይቱ ፌልድስፓር ሴሪሳይት ወደሚባል ደቃቅ ነጭ ሚካ ተለውጧል። ራቅ ሲል ካኦሊን ይመጣል፣ ቀጥሎ ሞንትሞሪሎናይት የተባለው ሌላ የሸክላ ማዕድን፣ ከዚያ ያልተነካው ግራናይት። ቅደም ተከተሉ ከጅማት ጅማት መደጋገሙ እጅግ ያስደንቀኛል። በዋሻ ውስጥ ከጤናማ ግራናይት ተነስቶ ወደ ሸክላ፣ ከሸክላም ወደ ሴሪሳይት የገባ ባለሙያ ጅማት ፊት ለፊቱ እንዳለ ሳያየው መገመት ይችላል። መዳብ ራሱ ምንም ፍንጭ ባልሰጠበት ቦታ ግድግዳው ይመራዋል።

በአገራችንም በጉጂ፣ ሻኪሶ አቅራቢያ በሚገኘው ለገደንቢ ወርቅ የያዙት የኳርትዝ ጅማቶች የሚበዙት ግራፋይት ባለበት፣ ከደለል በተለወጠ አለት ውስጥ ነው። በዙሪያቸውም ባዮታይት፣ ካልሳይትና ሴሪሳይት ተፈጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሚካ የሆኑት ባዮታይትና ሴሪሳይት ሌላም ጥቅም አላቸው። የወርቅን ዕድሜ በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ሚካ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ግን ቀስ በቀስ አርጎን ስለሚያመነጭ፣ ሙቁ ውሃ መቼ እንዳለፈ ከግድግዳው ማስላት ይቻላል።

ስለዚህ ለወጣት ጂኦሎጂስቶቻችንና ለአሳሽ ኩባንያዎች አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ከጅማቱ ውጭ የወጣውን የቁፋሮ ናሙና አትጣሉት። ጥልቀቱን ጽፋችሁ፣ በሳጥን ደርድራችሁ፣ ለሚቀጥለው ተመራማሪ አስቀምጡት።