የምትበላው ሁሉ የት ይሄዳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ባልና ሚስት ልጠይቅ ቤታቸው ሄጄ ነበር። የሁለት ዓመት ልጃቸው ሆዷ ተነፍቶ፣ እጅና እግሯ ቀጥኖ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ቡናው ሳይፈላ ነገሩ ፈነዳ። ባልየው፣ «ገንዘቡን እኔ አመጣለሁ፤ ልጅቱ ግን ትከሳለች። ኧረ ለመሆኑ ታበያታለሽ?» አላት። እርሷ አልመለሰችም፤ እንባዋ ብቻ ወረደ። እኔም በልቤ የፈረድኩት በእርሷ ላይ እንደ ነበር አልደብቃችሁም።

እናትየዋ ግን ታበላት ነበር። ምግቡ የሚባክነው አንጀት ውስጥ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ፎጣችሁን አስቡ። አዲስ ፎጣ ውኃ የሚመጠው ክሮቹ ስለቆሙ ነው፤ ሲያረጅና ክሩ ሲላጭ ግን መምጠጥ ያቅተዋል። ትንሹ አንጀት በአዋቂ ሰው 6 ሜትር ያህል ይረዝማል። ውስጡ ቪላይ በሚባሉ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት ባላቸው ጣት መሰል ነገሮች ተሸፍኗል። በቪላዮቹ ላይ ያሉት ሴሎችም በበኩላቸው እጅግ ደቃቅ የሆኑ ፀጉሮች አሏቸው። ስኳሩም፣ ፕሮቲኑም፣ ስቡም ወደ ሰውነታችን የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

የልጅቱ ሰገራ ሲመረመር ጃርዲያ ተገኘ። ይህ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተውሳክ በቆሸሸ ውኃና እጅ ይገባና የትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ላይ ይጣበቃል። ወደ ደም አይገባም፤ ሆኖም ደቃቆቹ ፀጉሮች ያጥራሉ፣ አንዳንዴም ቪላዮቹ ራሳቸው ይሟሽሻሉ። ያልተመጠጠው ስብ ቅባት የበዛበት፣ የሚንሳፈፍና ክፉኛ የሚሸት ሰገራ ሆኖ ይወጣል። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኤንዛይም የሚገኘውም እዚያው ፀጉሮቹ ላይ ስለሆነ፣ እነርሱ ሲጎዱ ወተት ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ምስኪኗ እናት ደግሞ ልጄ ትወፍርልኝ ብላ የላም ወተቱን ትጨምርላት ነበር!

ሮታ ቫይረስ ከዚህም ይፈጥናል፤ የቪላዮቹን ጫፍ ሴሎች በቀናት ውስጥ ይገድላል። ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1973 በሜልበርን ያገኙት ከታመሙ ሕፃናት አንጀት በተወሰደ ናሙና ነው። ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል፤ ቀኑን አታሳልፉ።

ደስ የሚለው ነገር የአንጀት ሽፋን ሴሎች በየ3 እስከ 5 ቀኑ መታደሳቸው ነው። መንስኤው ከተወገደ ቪላዩ ቀስ በቀስ ያገግማል። ችግሩ ልጁ ሳያገግም ደግሞ ደጋግሞ ሲያዝ ነው። ያን ጊዜ ተቅማጥ ባይታይበት እንኳ አንጀቱ እንደተቆጣ ይቆይና ቁመቱ ሊቀጭጭ ይችላል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ልጅ ሲያስቀምጠው ጡትም ምግብም አትከልክሉት። «ጥርሱ ነው» ተብሎ ድዱ እንዲቆረጥም አትፍቀዱ፤ ለሌላ ኢንፌክሽን በር መክፈት ነው። ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን በጥብጡ። ስኳሩ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ ጨውና ስኳር አብረው ሲገቡ ውኃን ይዘው ስለሚሻገሩ፣ በተጎዳ አንጀትም ቢሆን ይሠራል። ዚንክ ደግሞ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለ 10፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። የጃርዲያን መድኃኒት ግን ከጎረቤት የተረፈውን አትዋሱ፤ በምርመራና በባለሙያ ትእዛዝ ይሁን። ጸልዩ፣ ላቦራቶሪም ሂዱ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ለጃርዲያ ክሎሪን ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፣ ማፍላት ይሻላል። እንደ አዲስ አበባ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ልጅቱ ታከመች፤ ወተቱም ለጥቂት ሳምንታት ቀርቶ ቀስ በቀስ ተመለሰላት። በዚያ ቤት አሁን ማታ ማታ ውኃውን የሚያፈላው ባልየው ነው። ሚስቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ብዙ ቀን ፈጅቶበታል። እኔም እንደዚያው።