ጓሳን ያቆየው የአባቶች ሕግ

ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን የሚያየው የታረሰ መሬት ነው። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በጎች የሚግጡበት ጠባብ ጥግ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ የገብስ ማሳ። ጓሳ ላይ ሲደርስ ግን ማረሻ የነካው መሬት ያበቃል። ኮረብታው፣ ሸለቆውና ረግረጉ ሁሉ ረጅም ሣር ለብሶ፣ ጅብራና አስታ እዚህም እዚያም ቆሞ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ከገደሉ በኩል የሚወጣው ጉም ደግሞ አካባቢውን በቅጽበት ይውጠዋል።

በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኘው ጓሳ ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስሙን ያገኘው አካባቢውን ከሸፈነው የጓሳ ሣር ነው።

የመንዝ አርሶ አደር ይህን ሣር ያላዋለበት ነገር የለም። የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ለከብት መኖ ነው፣ ከዝናብ የሚያስጥል ገሳም ይሠራበታል። ድርቅ በገባ ዓመት፣ ሌላው ግጦሽ ሁሉ ሲያልቅ፣ የከብቱ የመጨረሻ መጠባበቂያ ጓሳ ነው። ሰው በዝቶ መሬት በጠበበበት አገር ይህን ያህል መሬት ሳይታረስ እንዴት ቆየ? መልሱ ያለው አባቶች ባወጡት ሕግ ውስጥ ነው።

ዘግቶ ማቆየት፣ ከፍቶ መጠቀም

ሕጉ የ«ቀሮ» ሥርዓት ይባላል። አጀማመሩ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን የሚደርስ ሲሆን፣ ከመንዝ ቀደምት አቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። በሣሩ የመጠቀም መብት የነበራቸው በርስት የትውልድ ሐረጋቸው ከእነዚህ አባቶች የሚቆጠር ቤተሰቦች ነበሩ። መብቱ ግን ግዴታም ነበረው፤ ባለመብቱ በተራው ጓሳን ይጠብቃል።

አሠራሩ ቀላልና ጥብቅ ነበር። ጓሳ እንደ ሣሩ ዕድገት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም አይፈቀድም። ደንቡን የጣሰ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሣሩ መድረሱ ሲታመንበት በየካቲትና በመጋቢት፣ በጋው በጠናበትና መኖ በጠፋበት ወቅት ይከፈታል። ዝናቡ ሲገባ ሰውም ከብቱም ይወጣና ጓሳ እንደገና ይዘጋል።

የሣሩ ጠባይም ይህንኑ ይጠይቃል። ጓሳ በብርድ አገር ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ዓመት እስከ ዓመት የሚቆይ ሣር ነው። ሥሩ ካልተነካ ታጭዶም መልሶ ይበቅላል፤ ያለ ዕረፍት ከተጋጠና ከተረገጠ ግን ቦታውን ለሌላ ቁጥቋጦ ይለቃል። የቀሮ ሥርዓት ዓላማ እንግዲህ ሣሩን ከሰው መንፈግ አልነበረም፤ በቸገረ ጊዜ እንዲገኝ ማቆየት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የርስት ሥርዓት አበቃ፤ በርስት ላይ የቆመው ቀሮም አብሮ ፈረሰ። ቀድሞ መብት ያልነበራቸው ወገኖች የመጠቀም ዕድል ማግኘታቸው ፍትሕ ነበር። ነገር ግን አሮጌው ሕግ ሲነሳ ሁሉንም የሚያስማማ አዲስ ሕግ ወዲያው አልተተካም። ጓሳም ጠባቂ ያጣ የጋራ ንብረት ሊሆን ተቃርቦ ነበር።

ጨርሶ ያልጠፋው ኅብረተሰቡ ልማዱን ስላልረሳ ነው። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ በአሮጌው መንፈስ መጠበቁን ቀጠሉ። ይህ ጥረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አስገኝቷል። በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎታል።

ከሣሩ ጋር የቆየው ሌላው ሀብት

ሣሩ በመቆየቱ ሌላም ነገር ቆይቷል። በዓለም ላይ ያለ አቅመ አዳም የደረሰ ቀይ ቀበሮ ቁጥር ከ500 የማይበልጥ እንደሆነ ይገመታል። ከእነዚህ ጥቂቱ የሚኖረው በጓሳ ነው። ጭላዳም በመንጋ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የታተመ ጥናት በጓሳ ያየው ነገር ያስገርማል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት ከአራቱ አንዱ ነው።

የቀበሮው ትልቁ ጠላት ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ በጓሳ ዙሪያ የሚኖር አርሶ አደር ውሻውን ሲያስከትብ ቤተሰቡንም፣ ከብቱንም፣ ቀበሮውንም ይጠብቃል።

ውኃውም ሊረሳ አይገባም። የጓሳ ሣርና ረግረግ ዝናቡንና ጉሙን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በምዕራብ የሚወርደው ውኃ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ገደሉን ተከትሎ የሚወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። በታች ያለው ቆላ የላዩ ደጋ ባለዕዳ ነው።

ቆርቆሮ ሲመጣ

ዛሬ ጓሳን የሚፈትነው ጥያቄ ከቀድሞው ይለያል። የመንዝ ቤት በቆርቆሮ እየተከደነ ነው። አባት ሣሩን የጠበቀው ለቤቱ ክዳን ስለሚፈልገው ነበር። ክዳኑን ከገበያ የሚገዛ ልጅ ለምን ይጠብቀው? ማሳው ለጠበበው ወጣት ከገብሱ ማዶ ያለው ሣር ያልታረሰ መሬት ሆኖ ቢታየው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ጥበቃው ጥቅሙን በግልጽ ማሳየት አለበት። በማኅበረሰቡ ስም ከሚተዳደረው የእንግዳ ማረፊያና ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ምን ላይ እንደዋለ በየጊዜው በሕዝብ ፊት ሊነገር ይገባል። የማጨጃው ወቅት ተራ ለሁሉም እኩል መድረስ አለበት፤ መበለቷና መሬት አልባው ወጣት የተረሱበት ደንብ ዕድሜ የለውም።

የግብርና ባለሙያውም ድርሻ አለው። የመንዝ በግ ለብርዱ የተፈጠረ፣ ሥጋውም ለባና የሚሆነው ፀጉሩም የሚፈለግ ዝርያ ነው። በመንዝ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር በመሆን፣ አርሶ አደሮች ራሳቸው አውራ በግ እየመረጡ ዝርያቸውን የሚያሻሽሉበትን አሠራር አስተዋውቋል። ጥቂት ግን የተሻለ በግ የሚያረባ፣ በጓሮው መኖ የሚያለማ አርሶ አደር ወደ ጓሳ የሚነዳው መንጋ ይቀንሳል። ጓሳን የመጠበቁ ሥራ ከጓሳ ውጭ ባለው ማሳና በረት ይጀምራል ማለት ነው።

ደንብ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ሣር አያበቅልም። ቀሮ ለዘመናት የቆየው ተጠቃሚው ራሱ ጠባቂ ስለነበረ፣ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀንም ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። የወረዳና የቀበሌ አመራሩ የዛሬውን ደንብ በዚህ ሚዛን ሊመዝነው ይገባል፤ አርሶ አደሩ «ጓሳ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያመነታ «የእኔ ነው» የሚል ከሆነ፣ የአባቶች ሕግ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።