መናኸሪያ፦ ከቦምቤ እስከ ሶዶ

በወላይታ ዞን ካለችው ከቦምቤ ከተማ ተነስቶ ራቅ ወዳለ ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ በአንድ መኪና አይደርስም። በአረካ በኩል ሶዶ ይገባል፤ ከሶዶ መናኸሪያ ሌላ መኪና ይይዛል። ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሳውላና ወደ ዳውሮ የሚሄደው ሁሉ የሚነሳው ከዚያው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሶዶ 76 ሺህ ያህል፣ የወላይታ ዞን ደግሞ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ስለሆነች፣ ለጉዳይ ከሌሎች ዞኖች የሚመጣውም ሰው መግቢያው ይኸው ሆኗል።

መናኸሪያን የማያውቅ የለም፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙ ሰው ጠይቆ አያውቅም። መኪናው ገብቶ በመስመሩ ተራ ይይዛል። ተራ አስከባሪው በወረፋው ያስጭነዋል። ወንበሩ ሲሞላ የስምሪት ሠራተኛው የተሳፋሪውን ቁጥር አይቶ መውጫ ይሰጠዋል። ሥርዓቱ የተዘረጋው ተራ ለማስጠበቅ፣ ታሪፍ ለማስከበርና ትርፍ ሰው እንዳይጫን ለመቆጣጠር ነው። መኪናው እዚህ ግቢ ውስጥ የታወቀ ቦታ አለው። እግረኛው ግን በአብዛኞቹ መናኸሪያዎቻችን ተለይቶ የተሰጠው ቦታ የለውም፤ የሚሄደው መኪኖቹ በተዉለት ክፍተት ነው። የመናኸሪያ አደጋ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከተራው ሲወጣ ልብ ብላችሁ እዩ። ፖርቶ መጋላው ላይ አንድ ወጣት የዝንጅብል ጆንያ በገመድ ያጠብቃል። ከኋላ፣ ከመሰላሉ ሥር፣ ልጅ ያዘለች እናት በአቋራጭ ወደ አረካ መኪና ትሻገራለች። ሹፌሩ በመስታወቱ የሚያየው ግራና ቀኙን ነው። በቀጥታ ከኋላው ያለውን፣ ይልቁንም ሕፃን ልጅን ወይም ጎንበስ ብሎ ዕቃ የሚያነሳን ሰው፣ አያይም። የሚተማመነው በረዳቱ ነው። ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ «ና! ና!» ይላል፤ በዚያው አፍታ ግን ተሳፋሪ ይጠራል፣ መልስ ይሰጣል፣ ሻንጣ ያቀብላል። ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ረዳቶች በአንዴ ሲመቱ ደግሞ የትኛው መኪና እንደተጠራ ለመለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወደ ኋላ መሄድን ማስቀረት ይገባል። ሰያፍ መስመር ተሰምሮ መኪናው ወደ ፊት ገብቶ ወደ ፊት የሚወጣበት አቋቋም፣ ቦታ ባለበት ሁሉ ይቻላል። ግቢው ጠቦ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ከሆነም፣ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰና ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ከኋላ ሆኖ ይምራ። የረዳቱ ትርፍ ሥራ መሆን የለበትም።

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንጃ ከተሸጋገረች ወዲህ የተሳፋሪው በር በቀኝ ነው። ይህ የግቢውን አዟዟር ይወስናል። መኪኖቹ ወደ ግራ እየታጠፉ ቢዞሩ በራቸው ወደ አጥሩ ይሆናል፤ የሚወርደው ሰው በቀጥታ የግቢው ዳር ባለ የእግረኛ መንገድ ላይ ያርፋል። ወደ ቀኝ እየታጠፉ ቢዞሩ ግን የሚወርደው መሀል ግቢ ነው፤ ለመውጣት የሚንቀሳቀሱ መኪኖችን ማቋረጥ ይኖርበታል። አቅጣጫውን ለማስያዝ ቀለም፣ ቀስትና የሚቆጣጠር ሰው ይበቃል።

ከግቢው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በሩ ነው። የሚገባው አውቶቡስ፣ የሚወጣው ሚኒባስ፣ መንገደኛ የሚሻሙ ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች፣ ዕቃ ተሸካሚው፣ ሙዝ ሻጯ፣ ሁሉም እዚያች ጥቂት ሜትር ላይ ይገናኛሉ። በመስከረም፣ የወላይታ ልጅ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ከየአለበት ሲመለስ፣ መጨናነቁ እጥፍ ይሆናል። የእግረኛው በር ከመኪናው በር ለብቻው ቢሆን፣ ባጃጆቹም ከበሩ ራቅ ያለ ተራ ቢሰጣቸው ብዙ ይቀልላል። ሻጮቹን ማባረር መፍትሔ አይደለም፤ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ፣ መብታቸውም ነው። በእግረኛው በር በኩል ቦታ ቢያገኙ ገበያውም ይደራላቸዋል።

በበሩ ፊት በሚያልፈው መንገድ ላይ ደግሞ የፍጥነት ጉዳይ አለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 ከሆነ 8 ሜትር ያህል። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው ያቺ ሰከንድ ናት። ለዚህ ነው ከመናኸሪያ በር ግራና ቀኝ ፍጥነት መቀነሻና ዜብራ የሚያስፈልገው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆነው እግረኛ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

በሶዶ የተጨናነቀን ግቢ ማስተካከል የቆመ ሥራ ማናጋት ስለሚጠይቅ ይከብዳል። እንደ ቦምቤ ባሉ በማደግ ላይ ባሉ ከተሞች ግን ገና በጊዜው ነው። የቦምቤ ማዘጋጃ ቤትና የወረዳው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ለመናኸሪያ መሬት ሲለኩ አስቀድመው የእግረኛውን መሄጃ ይለኩ፣ በሩንም ሁለት ያድርጉት። መንገደኞችም፣ ሞተሩ የተነሳ መኪና ከኋላው አትለፉ፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ዞራችሁ በፊት በኩል፣ ሹፌሩ እያያችሁ እለፉ።