የክስተት አድማጮች ምዝገባና የኦብጀክቶች ስንብት በጃቫስክሪፕት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ለአንድ መሥሪያ ቤት በብሮውዘር የሚከፈት የመረጃ መመዝገቢያ ቅጽ ሠርቶ ነበር። በሙከራ ጊዜ ቅጹ እንከን አልታየበትም። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ጠዋት ፈጥኖ የሚሠራው ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ እየተጓተተ ሄደ። የባሰው ደግሞ ሠራተኛዋ የማስቀመጫውን አቋራጭ ቁልፍ አንድ ጊዜ ስትጫን ያው መዝገብ ሦስትና አራት ጊዜ መግባቱ ነው። ቁልፉን ደጋግማ የነካች እየመሰላት ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ፣ ትርፉን መዝገብ አንድ በአንድ ስትሰርዝ ሳምንታት አለፉ። ጥፋቱ የአቅራቢው ነበር፤ ምንጩም አንድ መስመር ኮድ ነው።

በጃቫስክሪፕት የማውስ ጠቅታ፣ የቁልፍ መጫንና የመስኮት መጠን መለወጥ «ክስተት» ሊባሉ ይችላሉ። ክስተቱ በደረሰ ቁጥር እንዲጠራ የተመዘገበው ፋንክሽን ደግሞ «አድማጭ» ነው፤ ምዝገባው የሚፈጸመውም «አድ ኢቨንት ሊስነር» በተሰኘው ትእዛዝ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ምዝገባው ራሱ ማጣቀሻ መሆኑ ነው። ክስተቱን የሚያሰማው ኦብጀክት አድማጩን ይይዛል፤ አድማጩም በውስጡ የሚጠቅሳቸውን ኦብጀክቶች ይይዛል።

ጃቫስክሪፕት ሜሞሪን የሚያስለቅቀው በጋርቤጅ ኮሌክተር አማካይነት ነው። ጆን ማካርቲ ስለ ሊስፕ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ይህ ስልት ተገልጿል። ሰብሳቢው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከሥር ተነሥቶ በማጣቀሻ ሰንሰለት ወደዚህ ኦብጀክት መድረስ ይቻላል ወይ? ፕሮግራሙ ኦብጀክቱን ጨርሶት እንደሆነ አይጠይቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ስሙ ከእድር መዝገብ ያልተሰረዘ ሰው ሰፈር ለቆ ቢሄድም መዋጮ ይቆጠርበታል፤ ከገጹ የተነሣ ቅጽም በአድማጩ በኩል እስከተጠቀሰ ድረስ ከሜሞሪ አይወጣም።

የአቋራጭ ቁልፉ አድማጭ የተመዘገበው ገጹ እስኪዘጋ ድረስ በሚኖረው «ዊንዶው» ላይ ነበር። ቅጹ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አድማጭ ይጨመራል፤ የቀድሞው ግን አይሰረዝም። ለአራተኛ ጊዜ ሲከፈት አራት አድማጮች ያንኑ ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ አራቱም በወቅቱ ክፍት የሆነውን መዝገብ ወደ ሰርቨር ይልካሉ። እርግጥ ነው፣ ትእዛዙ ያንኑ ፋንክሽን ለአንድ ክስተት ሁለት ጊዜ ቢሰጡት ሁለተኛውን ይተወዋል። ይሁን እንጂ በየጊዜው አዲስ የሚፈጠር ስም የለሽ ፋንክሽን ለእርሱ ሌላ ኦብጀክት ነው፤ ኮዱ ቃል በቃል መመሳሰሉ ለውጥ አያመጣም።

የመጀመሪያው ማስተካከያ አልሠራም። ቅጹ ሲዘጋ «ሪሙቭ ኢቨንት ሊስነር» እንዲጠራ ተደረገ፤ ነገር ግን በምዝገባም በስረዛም ጊዜ ፋንክሽኑ በ«ባይንድ» እየተጠቀለለ ነበር የሚሰጠው። «ባይንድ» በተጠራ ቁጥር አዲስ ፋንክሽን ስለሚመልስ፣ የተመዘገበውና እንዲሰረዝ የተጠየቀው አይገናኙም። ትእዛዙ የሚሰርዘውን ሲያጣ ስሕተት አያሳውቅም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። በአቅራቢው አስተያየት የዚህ ኢንተርፌስ ትልቁ ጉድለት ይህ ዝምታ ነው።

የሠራው መፍትሔ «አቦርት ኮንትሮለር» ነው። እያንዳንዱ ቅጽ ሲፈጠር የራሱን ኮንትሮለር ይይዛል፤ በዊንዶው ላይ የሚያስመዘግባቸው አድማጮች ሁሉ የዚያን ኮንትሮለር «ሲግናል» ይቀበላሉ። ቅጹ ሲሰናበት «አቦርት» አንድ ጊዜ ይጠራል፣ ሁሉም በአንድነት ይሰረዛሉ። የፋንክሽኖቹን ማንነት ማስታወስ አያስፈልግም።

ይህ ማለት አድማጭ ሁሉ በእጅ መሰረዝ አለበት ማለት አይደለም። በቅጹ ውስጥ ባለ አዝራር ላይ የተመዘገበ አድማጭ፣ ሌላ የሚጠቅሰው ከሌለ፣ ከአዝራሩ ጋር አብሮ ይሰበሰባል። አደጋው ያለው አጭር ዕድሜ ያለው ኦብጀክት ረጅም ዕድሜ ባለው ላይ ሲመዘገብ ነው። በኤክማስክሪፕት 2021 የተጨመረውን «ዊክ ሬፍ» እንደ መድኃኒት የሚያቀርቡ አሉ። ነገር ግን ሰብሳቢው መቼ እንደሚሠራ ዋስትና የለም፤ እስከዚያው ድረስ የተረሳው አድማጭ መዝገብ መላኩን ይቀጥላል። የሜሞሪውን ችግር ያቃልል ይሆናል፣ የተደጋገመውን መዝገብ ግን አያስቀርም።

ከሰብሳቢው እይታ ውጭ የሚቀር ሀብትም አለ። በትሪ ጄኤስ ላይብረሪ የቅርጽና የምስል መረጃ በግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ፕሮግራመሩ «ዲስፖዝ» ብሎ ካልጠራ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለቀቅም። ኖድ ጄኤስ በበኩሉ በአንድ ኦብጀክት ላይ ለአንድ ክስተት ከ10 በላይ አድማጮች ሲመዘገቡ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ገደቡን ከፍ ማድረግ ግን ምልክቱን መደበቅ ነው።

ለማረጋገጥ ቅጹን 20 ጊዜ ከፍቶ መዝጋት፣ ከዚያም በክሮም የገንቢዎች መሣሪያ የሜሞሪ ቅጽበታዊ ምስል ወስዶ «ዲታችድ» የሚለውን ቃል መፈለግ ይበቃል፤ የተዘጉት ቅጾች እዚያ ከተገኙ የሚይዛቸው አለ። ቀጥሎ ቅጹን እንደገና ከፍቶ አቋራጭ ቁልፉን አንዴ መጫንና የገቡትን መዝገቦች መቁጠር ነው።