ቴንስ ማሽኑ ክርናችን ላይ ምን ይሠራል?

ቡና ለመቅዳት ጀበናውን ብድግ ስታደርጉ፣ በክርናችሁ ውጭ በኩል ካለችው አጥንት ተነሥቶ ክንዳችሁን ይዞ የሚወርድ ሕመም ካለ፣ ሐኪሞች «ቴኒስ ኤልቦ» ይሉታል። ራኬት ጨብጦ የማያውቅ ሰውም በዚሁ ስም ይታከማል። የምንኖርባትን የካናዳዋን ካልጋሪ ከሚያቋርጡት ሁለት ወንዞች አንዱ ኤልቦ፣ ማለትም «ክርን» ነው ስሙ፤ መሀል ከተማው አጠገብ ከቦው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ወንዝ ዳር የምንኖር ሐበሾች ክርናችን የሚታመመው ግን በሥራ ነው። ስጋ ፋብሪካ ቢላ ጨብጦ መዋል አለ፣ የሆቴል አንሶላ ማንጠፍ አለ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማንሣት አለ። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ሊጥ ማቡካቱና አክንባሎ ማንሣቱ ይጠብቃል።

የእኔ ቀኝ ክርን ከታመመ ስምንት ወር አለፈው። ፊዚዮቴራፒስቷ ክንዴ ላይ ሁለት ተለጣፊ ነገር ለጥፋ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ጋር ስታገናኘው፣ «ይህ ነገር ምኑን ነው የሚያድነው?» እያልኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያገኘሁት መልስ ማሽኑን የምጠቀምበትን መንገድ ስለለወጠው፣ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከክርኑ እንጀምር። ግራ መዳፋችሁን በቀኝ ክንዳችሁ ጀርባ ላይ፣ ከክርኑ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉ። አሁን ቀኝ እጃችሁን አጥብቃችሁ ጨብጡ። ከመዳፋችሁ ሥር ጠጠር ብሎ የሚነሣ ጡንቻ ይሰማችኋል። ነገሩ ያስገርማል፤ ጣቶችን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያሉት በክንዱ ውስጠኛ በኩል ነውና። የጀርባው ጡንቻ የሚወጠረው የእጃችን አንጓ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ነው። እሱ ባይኖር ጭብጣችን ኃይል አይኖረውም። ስለዚህ ቢላም ያዝን መጥረጊያ፣ በጨበጥን ቁጥር ይህ ጡንቻ ይሠራል። የላይኛው ጫፉ በጅማት የታሰረው ደግሞ ክርኑ ላይ ባለችው ትንሽ የአጥንት ጉብታ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትጎተተው እሷ ናት።

ሕመሙ ወራት ሲያስቆጥር ጅማቱ ይለወጣል። ብዙዎቻችን ጅማቱ ተቆጥቷል፣ አብጧል ብለን እናስባለን። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የሰነበተ ቴኒስ ኤልቦ ላይ ጎልቶ የሚታየው የክሮቹ መበታተን ነው፤ ፍትሉ እንደላላ አሮጌ የቃጫ ገመድ ማለት ነው። ጅማት ደግሞ እንደ ጡንቻ ብዙ ደም አይደርሰውም፤ ስለዚህ ሲጠገንም ቀስ ብሎ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኗ። «ቴንስ» እና «ቴኒስ» ለጆሯችን አንድ ይመስላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ቴንስ በቆዳ ላይ አልፎ ነርቭን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት የሚል ትርጉም ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የተሠራ ምህጻረ ቃል ነው። ሳጥኗ በትንሽ ባትሪ ትሠራለች። አንዱን ተለጣፊ ከሚያመው ቦታ አጠገብ፣ ሌላውን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ክንዴ ላይ እለጥፋለሁ። ቁልፉን ቀስ እያልኩ ስጨምር መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቀጥሎ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ያህል ይወርረኛል። ጠንከር ያለ ግን የማያም ሲሆን እዚያ ላይ አቆማለሁ። በተለመደው አጠቃቀም በሰከንድ ከ80 እስከ 120 ጊዜ ያህል ትነዝራለች፤ እያንዳንዱ ንዝረት ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ያነሰ ነው።

ይህ ንዝረት ጅማቱን አይነካውም፣ ገመዱን አይፈትለውም። የሚያናግረው ነርቮችን ነው። ከክንዳችን ወደ ህብለ ሰረሰር የሚሄዱ ወፍራምና ቀጭን የነርቭ ክሮች አሉ። ወፍራሞቹ መዳሰስንና ንዝረትን፣ ቀጭኖቹ ሕመምን ይዘው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 የሞንትሪያሉ ተወላጅ ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አወጡ፦ ህብለ ሰረሰር ውስጥ በር አለ፤ በወፍራሞቹ ክሮች ብዙ መልእክት ሲመጣ በሩ ለሕመሙ ይጠባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዎል ዊልያም ስዊት ከተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጋር ሆኖ ነርቭን በኤሌክትሪክ በማነቃቃት ሕመም ለጊዜው እንደሚጠፋ አሳየ። የዛሬዋ ሳጥን ከዚያ የመጣች ናት።

እኛ ይህን በር በእጃችን እናውቀዋለን። ልጅ ጉልበቱን ሲመታ እናቱ ቶሎ ብላ የምታሻሽለት ለዚህ ነው። ወጌሻ ክንድ በቅቤ ሲያሽ ሕመሙ የሚቀለው በከፊል በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

እውነቱን ግን እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2013 ብሪታንያ ውስጥ የታተመ ጥናት ቴኒስ ኤልቦ ያለባቸውን 241 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ነበር። ሁሉም ምክርና እንቅስቃሴ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ቴንስ ተጠቀሙ። ሁለቱም ወገን ተሻለው፤ ማሽኑ የጨመረው ልዩነት አልተገኘም። በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ውስጥ 165 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ለዚሁ ሕመም ስለሚሰጠው የኮርቲዞን መርፌ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየ፤ መርፌውን ከተወጉት ከመቶ 54ቱ ላይ ሕመሙ በዓመቱ ውስጥ ተመለሰ፣ የማስመሰያ መርፌ ከወሰዱት ግን ከመቶ 12ቱ ላይ ብቻ።

ስለዚህ ከሳጥኗ ጋር አልጣላም፣ ግን ፈውስ አልላትም። ሕመሙ ጋብ ባለ ጊዜ እንቅስቃሴውን እንድሠራ ፋታ ትሰጠኛለች፤ ለእኔ ጥቅሟ ይኸው ነው። ሥራውን የሚሠራው እንቅስቃሴው ነውና። ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ እጄን ከጠርዙ አወጣለሁ፣ መዳፌ ወደ ታች ሆኖ አንድ ጣሳ ምስር እይዛለሁ። በግራ እጄ ረድቼ አንጓዬን ወደ ላይ አነሣለሁ፤ ከዚያ ግራ እጄን ለቅቄ አምስት እስክቆጥር በዝግታ አወርደዋለሁ። እንዲህ አሥራ አምስት ጊዜ። ትንሽ ቢያም ግድ የለም፤ በማግስቱ ከባሰ ግን ክብደቱን ቀንሱ። ጅማት የሚጠነክረው ቀስ በቀስ እየተሸከመ ነው፤ የሚፈጀውም ሳምንታት ሳይሆን ወራት ነው። አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናል።

ሳጥኗ ፋርማሲ ውስጥ ያለ ማዘዣ ትሸጣለች። ለልብ የተተከለ መሣሪያ ያለው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙባት። አንገት ፊት ለፊትና ደረት ላይ፣ የቆሰለ ወይም የደነዘዘ ቆዳ ላይ አትለጠፍም፤ መኪና እየነዱም ሆነ ተኝተው አይሆንም።

ካልጋሪ በምትገኝበት አልበርታ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ለመሄድ የሐኪም ወረቀት ግዴታ አይደለም። ጥያቄ ካላችሁ 811 ደውላችሁ ነርስ ማነጋገርና አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ክርናችሁ በሥራ ምክንያት ከታመመ ግን ዝም ብላችሁ አትቻሉት። ነገ ጠዋት ለአለቃችሁ ንገሩ፤ አሠሪው ከሰማበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሠራተኞች ካሳ ቦርድ ማስታወቅ አለበት።